ባለ 2000 ዋቱ ማንቆርቆሪያ ከባለ 800ው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ 2000 ዋት ይላል። ስሰካው ቆጣሪው ሲሮጥ አይቼ ደነገጥኩና ቆጣቢ የተባለ ባለ 800 ዋት ገዛሁ። አዲሱ አንድ ሊትር ለማፍላት ከሰባት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በእርግጥ እየቆጠብኩ ነው? ወይስ ጠዋት ሞልቼ አፍልቼ ቀኑን ሙሉ እንደሞቀ ባቆየው ይሻላል? ውስጡ የጋገረው ነጭ ነገርስ ኤሌክትሪክ ያስበላል?»

እየቆጠቡ አይደለም። እንዲያውም በጥቂቱ እየጨመሩ ነው። ጥፋቱ ግን የእርስዎ አይደለም፤ ዋት ዕቃው ላይ በጉልህ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው የፍጆታ ልክ አድርጎ ያነበዋል። ዋት የፍጥነት ልክ ነው። በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚሳብ ይነግርዎታል እንጂ ውሃው ፈልቶ እስኪያበቃ በድምሩ ምን ያህል እንደተሳበ አይነግርዎትም። ቆጣሪው የሚመዘግበውና እርስዎም የሚከፍሉበት ግን ድምሩ ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት የምንለው። ቆጣሪው ሮጦ ቶሎ ቢቆምና አዝግሞ ረጅም ጊዜ ቢቆይ፣ የደረሰበት ቦታ አንድ ሊሆን ይችላል።

ውሃ ሙቀት የሚቀበለው በቁርጥ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ ወደ 4.19 ኪሎጁል (ጁል የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከየትም ቢመጣ፣ ፈጥኖም ቢመጣ ዘግይቶ፣ ይህ ልክ አይነቃነቅም። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 100 እስኪደርስ 80 ዲግሪ ነውና 335 ኪሎጁል ገደማ፣ በቆጣሪ ቋንቋ 93 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን በ2000 ዋት ብናስገባው ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ይወስዳል፤ በ800 ዋት ደግሞ ሰባት ደቂቃ። የገባው ያው 335 ኪሎጁል ነው።

በርሜል በወፍራም ጎማም ሆነ በቀጭን ጎማ ቢሞላ የሚይዘው ውሃ አንድ ነው። ሆኖም በርሜሉ ታች ትንሽ ቀዳዳ ካለው ነገሩ ይለወጣል፤ በቀጭን ጎማ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ የሚንጠባጠበውም ይበዛል። ማንቆርቆሪያም እንዲሁ የሚንጠባጠብበት ቀዳዳ አለው፤ በጎኑ ወደ አየሩ የሚያመልጠው ሙቀት ነው። የተለመደው የብረት ማንቆርቆሪያ ከተራ ሙቀት እስኪፈላ ባለው ጊዜ በአማካይ 30 ወይም 40 ዋት ያህል በዙሪያው ይለቃል። በሦስት ደቂቃ ይህ ስድስት ሰባት ኪሎጁል ነው፤ በስምንት ደቂቃ ግን ከ15 ይበልጣል። ስለዚህ ባለ 800 ዋቱ በእያንዳንዱ ሊትር ሁለት ሦስት በመቶ ያህል ይበልጥ ይበላል። እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም፤ ግን «ቆጣቢ» የሚለው ስም የተሰጠው በተቃራኒው በኩል ላለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት በመሆኑ ማንቆርቆሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 ዋት አያልፉም፤ 230 ቮልት ባለባት ብሪታንያ ግን ባለ 3000 ዋት የተለመደ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በሁለቱም አገር የሚፈልገው 93 ዋት ሰዓት ነው። አሜሪካዊው ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል እንጂ ያነሰ ፍጆታ የለውም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚወለድ ካወቁ የቀረው ሁሉ ይገለጥልዎታል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሙቀት የኤሌክትሪኩ ፍሰት (በአምፔር የሚለካው) በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በሽቦው ተቃውሞ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ባለ 2000 ዋት ማንቆርቆሪያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ ተቃውሞ ደግሞ 24 ኦም ያህል ነው። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ አብዛኛው ኒኬል፣ አንድ አምስተኛው ያህል ክሮሚየም ነው። አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት ይህ ቅይጥ ግሎ ሲቀላ እንኳ አይበላም፤ ላዩ ላይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ያበጅና ራሱን ከአየር ይከላከላል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽቦዎች ቶሎ ይቃጠሉ ነበር። ቶስተሩም፣ ካውያውም፣ ማንቆርቆሪያውም በየቤቱ ሊገቡ የቻሉት በዚህ ሽቦ ምክንያት ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሽቦው በባዶው ውሃ ውስጥ አይነከርም። ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ይገባና በዙሪያው የማግኒዚየም ኦክሳይድ ዱቄት ተጠቅጥቆ ይሞላበታል። ይህ ነጭ ዱቄት ኤሌክትሪክን አያሳልፍም፤ ሙቀትን ግን በደንብ ያሳልፋል። ሁለቱን ባሕርይ አጣምሮ የያዘ ርካሽ ነገር ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ የምድጃም የቦይለርም ሬዚስታንስ ሠሪዎች ዛሬም ከእሱ አልተላቀቁም።

የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዎች ሬዚስታንሱን ከውሃው ታች በተለየ ክፍል ነበር የሚያስቀምጡት። በሬዚስታንሱና በውሃው መካከል አየር ስለሚገባ ሙቀቱ ይንገላታ ነበር፤ አየር መጥፎ አሳላፊ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1922 እንግሊዛዊው አርተር ሌስሊ ላርጅ ሬዚስታንሱን በቱቦ አድርጎ እዚያው ውሃው ውስጥ አጠለቀው። ዛሬ በብዙዎቹ ማንቆርቆሪያዎች ውስጥ ቱቦው አይታይም፤ ተመልሶ ከወለሉ ሥር ገብቷል። ነገር ግን የአሁኑ በአልሙኒየም ሳህን አማካይነት ከወለሉ ብረት ጋር ተበይዶ አንድ አካል ሆኗልና መካከላቸው አየር የለም። የተወለደው ሙቀት ከሞላ ጎደል የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ወደ ውሃው ይገባል።

የቁጠባው ምስጢር ይኸው ነው። ማንኛውም ሬዚስታንስ፣ የርካሹም የውዱም፣ የሳበውን ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀይራል። «መቶ በመቶ ወደ ሙቀት ይለውጣል» ተብሎ የሚነገርለት ዕቃ ምንም የተለየ ነገር አላደረገም። ዋናው ጥያቄ ሙቀቱ የት ገባ የሚለው ነው። የጋዝ ነበልባል ድስቱን በጎን አልፎ ወደ ጣሪያ ይሄዳል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሙቀት ወጥ ቤቱን ነው የሚያሞቀው። የኤሌክትሪክ ምድጃ መጀመሪያ ራሱን ያግላል፣ ከዚያ የድስቱን ቂጥ፤ ከጠፋ በኋላም ቦታው እንደጋለ ይቆያል፤ ያ ሁሉ የከፈሉበት ነው። ማይክሮዌቭ ገና ሞገዱን ሲፈጥር ከሦስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ድስቱን ራሱን በማግኔት የሚያግለው የኢንዳክሽን ምድጃ ብቻ ነው ለማንቆርቆሪያው የሚቀርበው። ጥሩ ማንቆርቆሪያ አንድ ሊትር ሲያፈላ ከመቶው 85 ወይም 90 ያህሉን ውሃው ውስጥ ያስቀራል።

ይህ ንጽጽር ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን ብቻ እንደሚመለከት ልብ ይበሉ። ኤሌክትሪኩ የመነጨው ነዳጅ ተቃጥሎ ከሆነ ገና ከጣቢያው ሳይወጣ ከግማሽ በላይ ሙቀት ሊባክን ይችላል፤ በወራጅ ውሃ ወይም በነፋስ ከሆነ ይህ ኪሳራ የለም።

የቀሩት አሥር አሥራ አምስቱስ የት ይሄዳሉ? አንደኛው ወደ ማንቆርቆሪያው አካል ነው። ግማሽ ኪሎ የሚያልፍ የማይዝግ ብረት ከውሃው ጋር አብሮ ወደ መቶ ዲግሪ ሲወጣ ከ20 እስከ 25 ኪሎጁል ይወስዳል። ሁለተኛው ቀደም ያልኩት በጎን የሚያመልጠው ነው፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው። ስለዚህ «ድርብ ግድግዳ ያለው ማንቆርቆሪያ ብዙ ይቆጥባል» ሲባል ውሃውን አፍልቶ ወዲያው ለሚቀዳ ሰው ጥቅሙ አነስተኛ ነው። እጅ አለማቃጠሉ ግን መልካም ነገር ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ለዚህ ብቻ ብለው ቢገዙት አልቃወምም።

ሦስተኛው እንፋሎት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዎች ሳያውቁ በብዛት የሚያባክኑት እዚህ ነውና። ውሃ አንዴ መፍላት ከጀመረ በኋላ የቱንም ያህል ቢያነዱት ሙቀቱ አይጨምርም። የሚገባው ሙቀት ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይውላል። ይህን የተደበቀ ሙቀት ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ ግላስጎው ውስጥ ነበር የለካው። መጠኑ የሚያስደነግጥ ነው፦ አንድ ሊትር የፈላ ውሃን ተንኖ እስኪያልቅ ለማፍላት 2257 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ተኩል ያልፋል። ባለ 2000 ዋት ማንቆርቆሪያ ከፈላ በኋላ አንዲት ደቂቃ ብቻ ቢንተከተክ 120 ኪሎጁል በአየር ላይ ይበትናል፤ አንድ ሊትር ለማፍላት ከሚበቃው ከሲሶ በላይ መሆኑ ነው። ውሃው ግን ከዚያች ደቂቃ በፊት ከነበረው በአንድ ዲግሪ እንኳ አይሞቅም፤ በመጠን 50 ግራም ያህል ጎድሎ ይጠብቅዎታል።

ራሱ የሚጠፋ ማንቆርቆሪያ የተፈለሰፈው ይህንንም ለመግታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ራስል ሆብስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ያወጣው ማንቆርቆሪያ በዚህ ስሙ ይነሳል። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው፤ ለቀላልነቱ ሁልጊዜ አደንቀዋለሁ። ከአናቱ በኩል ያለች ቀዳዳ እንፋሎቱን ወደ እጀታው ትልካለች፤ እዚያ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቀው የተሠራች ትንሽ ሳህን ትጠብቃለች። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ስለዚህ ሳህኗ በድንገት ቀጭ ብላ ወደ ሌላ ጎን ትገለበጥና መስመሩን ትቆርጣለች። ኮምፒውተር የለ፣ ቴርሞሜትር የለ። መቁረጫዋ እንፋሎት እንጂ የዲግሪ ቁጥር ስለማትጠብቅ በደጋም በቆላም ትሠራለች። ከፍታ በጨመረ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ 2400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መቶ እስኪሞላ የሚጠብቅ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃው እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ወይም በደንብ ካልተገጠመ እንፋሎቱ በላይ በኩል ይወጣል፤ ወደ እጀታው የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል፤ መቁረጫዋም ትዘገያለች ወይም ጨርሶ አትቆርጥም። የእርስዎ ማንቆርቆሪያ ከፈላ በኋላ ከ15 ወይም 20 ሰከንድ በላይ እየተንተከተከ የሚቆይ ከሆነ መጀመሪያ ክዳኑን ይመልከቱ። እስኪፈላ የሚጮኸው ድምፅ ግን የመፍላት ምልክት አይደለም፤ ከጋለው ወለል ላይ የሚነሱ የእንፋሎት አረፋዎች ገና ወዳልሞቀው ውሃ ሲደርሱ እየተሰባበሩ የሚያሰሙት ነው። ውሃው በእርግጥ ሲፈላ ድምፁ ይለዝባል። በምድጃ ላይ የሚያፈሉ ከሆነ ጆሮዎ ይህን ከለመደ በጊዜ ለማጥፋት ይረዳዎታል።

ከሁሉ በላይ ግን ፍጆታዎን የሚወስነው የሚሞሉት ውሃ ነው። ብዙዎቹ ማንቆርቆሪያዎች 1.7 ሊትር ይይዛሉ። ለሁለት ኩባያ ግማሽ ሊትር ሲፈልጉ ሙሉውን ቢያፈሉ፣ 1.2 ሊትሩን ያለ ሥራ አሙቀዋል ማለት ነው፤ ከብክነቱ ጋር 130 ዋት ሰዓት ገደማ። በቀን ሦስት ጊዜ ይህን ቢያደርጉ ዓመቱ ሲሞላ 140 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። በ2000 እና በ800 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። በመካከል የተረፈውን ሳይቀዘቅዝ ከተጠቀሙበት ኪሳራው ይቀንሳል፤ ቀዝቅዞ ከተደፋ ግን ሙሉው ብክነት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው በስሌት ይታለላል። ጥቂት ውሃ ሲፈላ የማንቆርቆሪያው አካል የሚወስደው ሙቀት አይቀንስም፤ ስለዚህ ሩብ ሊትር ሲፈላ ውሃው ውስጥ የሚገባው ድርሻ ከመቶ 75 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። «እንግዲያው ሙሉውን ማፍላት ይበልጥ ያዋጣል» የሚል መደምደሚያ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። አያዋጣም። የድርሻው መቶኛ ቢያምርም የሚከፈለው በጠቅላላ ፍጆታው ነው፤ ሩብ ሊትሩ በመጥፎ መቶኛም ቢሆን ከሙሉው የአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚበላው። ብቻ ዝቅተኛ ተብሎ ከተሰመረው መስመር በታች አይሙሉ፤ ወለሉ በውሃ ካልተሸፈነ ከመጠን በላይ ይግላል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ጠዋት አፍልቶ ቀኑን ሙሉ አሙቆ ስለማቆየት ነበር። ይህን አልመክርም። የሞቀ ዕቃ ሙቀት የሚያጣው ከአካባቢው በበለጠበት ዲግሪ ልክ ነው፤ ይበልጥ ትኩስ ሆኖ በቆየ ቁጥር ይበልጥ ያጣል። ማሞቂያው የሚተካውም ያንን የጠፋውን ነው። ድርብ ግድግዳ የሌለው የብረት ማንቆርቆሪያ 90 ዲግሪ ላይ ሲቆይ በግምት 50 ዋት ያህል ይለቃል፤ በስምንት ሰዓት 400 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ አራት ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። እንዲቀዘቅዝ ትተው በሚፈልጉበት ሰዓት ቢያሞቁት ሁልጊዜ ያነሰ ይበላል። «ከቀዝቃዛ መነሳት ብዙ ይፈጃል» የሚለው አስተሳሰብ የሚረሳው፣ ሲቀዘቅዝ በቆየበት ጊዜ ምንም ያልተከፈለ መሆኑን ነው። ትኩስ ውሃ በየሰዓቱ የሚፈለግ ከሆነ አንዴ አፍልተው ፔርሙስ ውስጥ ያስቀምጡ። በፔርሙሱ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር ስለተሳበ ሙቀት በቀላሉ አይሻገርም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ዲግሪ የሚመረጥበት ማንቆርቆሪያ ካለዎት ደግሞ ለማይፈላ ጉዳይ 80 ዲግሪ ላይ ማቆም ከ20 ሲነሱ ሩቡን ያህል ይቀንሳል፤ የእንፋሎቱም ብክነት አብሮ ይቀራል።

ነጩ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት። ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ መሟሟቱ ያበቃና ወለሉ ላይ ይጋገራል። «ኤሌክትሪክ ያስበላል» የሚለው ለማንቆርቆሪያ ብዙም አይሠራም። ሬዚስታንሱ ቅርፊት ቢኖርም ባይኖርም የሚስበው ያው 2000 ዋት ነው፤ ሙቀቱም ሌላ መውጫ ስለሌለው በመጨረሻ ወደ ውሃው ይገባል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት የሚያሳልፈው ከብረቱ በብዙ እጥፍ ባነሰ ሁኔታ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ሙቀት በእሱ ውስጥ ለመግፋት ከሥሩ ያለው ወለል ይበልጥ መጋል አለበት። የወለሉን ስፋት ይዤ ሳሰላው አንድ ሚሊሜትር ጥቅጥቅ ያለ ቅርፊት ወለሉን በብዙ ዲግሪ ተጨማሪ ሊያግለው ይችላል። ሬዚስታንሱ ዕድሜው ያጥራል፤ ውሃ ሲያልቅ እንዲቆርጥ ከሥር የተቀመጠው መከላከያም ውሃ ያለቀ መስሎት ገና ሳይፈላ ያጠፋዋል። «ለብ ብሎ ይጠፋል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ማንቆርቆሪያ ብዙው በሽታው ይህ ነው፤ ሰው ግን ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ያሳዝነኛል። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው ወይም አንድ ሁለት ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ እየተንፈቀፈቀ ይለቃል። ከዚያ አለቅልቀው አንዴ ንጹሕ ውሃ አፍልተው ይድፉ። በቢላ አይፋቁት፤ ማንቆርቆሪያውንም ውሃ ውስጥ አይንከሩት።

ባለ 800 ዋቱን ግን አይጣሉት። ቦታ አለው። ጁል እንዳሳየው በሙቀቱ ስሌት የኤሌክትሪኩ ፍሰት በራሱ ስለሚባዛ፣ ስፒናውና ሶኬቱ የሚነካኩበት ቦታ ላልቶ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ ባለ 2000 ዋቱ ሲሠራ እዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ 40 ዋት ሙቀት ይወለዳል። ባለ 800ው ሲሠራ ግን 7 ዋት እንኳ አይሞላም። 40 ዋት የመበየጃ ካውያ ሙቀት ነው፤ ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። ከማንቆርቆሪያው ያልደረሰ ሙቀት ግድግዳው ውስጥ ገባ ማለት ነውና የእውነት ብክነትም የእውነት አደጋም ይኸው ነው። ባለ 2000 ዋቱን ከግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰኩት፤ በቀጭን ገመድ የተሠራ ማከፋፈያ ላይ፣ ይልቁንም ከሌላ ምድጃ ጋር አይሰኩት። ሁለት ሦስቴ ካፈሉ በኋላ ስፒናውን ነቅለው በእጅዎ ይንኩት። ለብ ቢል ችግር የለም፤ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ወይም ጠቁሮ ካዩት ሶኬቱ በኤሌክትሪክ ባለሙያ እስኪቀየር ድረስ አይጠቀሙበት። ሽቦው ባረጀ ቤት፣ በትንሽ ጄኔሬተር ወይም በሶላር ኢንቨርተር የሚጠቀም ሰው ባለ 800ውን ቢመርጥ ልክ ነው፤ ምክንያቱም የመስመሩ አቅም ያንን ብቻ ስለሚችል ነው።

የቮልት መውረድንም ብዙ ሰው ከማንቆርቆሪያው ብልሽት ጋር ያምታታዋል። 220 የነበረው ወደ 190 ቢወርድ የሚስበው ኃይል በሩብ ይቀንሳል፤ ባለ 2000ው 1500 ዋት አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ማታ ሁሉም ሰው ምድጃውን በሚለኩስበት ሰዓት ማንቆርቆሪያዎ አንድ ደቂቃ ያህል ቢዘገይ አያስደንቅዎት፤ የሚበላው ያው ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ ያጥፉና ከማፍላትዎ በፊትና በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ። አንድ ሊትር በጣም ትንሽ ስለሆነ ለውጡ ላይታይዎት ይችላል፤ አምስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ እየቀየሩ በአንደኛው፣ በሌላ ቀን ደግሞ አምስት ጊዜ በሌላው ያፍሉ። በሁለቱም ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያገኛሉ።